ጭስ ያልነካው ሥጋ

ይድረስ ለወንድምዓለም፣

ለመሆኑ ጤናህ እንዴት ነው? የኦሃዮ ብርድ ጉልበትህን እንዴት አድርጎታል? ልጆቹስ? እኔ ደህና ነኝ፤ ይህም ደህና ከተባለ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በገና ካርድ ብቻ ስንጠያየቅ ኖረን ዛሬ ረጅም ወረቀት ሲደርስህ አትደንግጥ። አባባ በሕይወት አሉ። ሰውነታቸው ግን አልቋል። ሐኪሙም የሚያወራው ስለ ሳምንታት ነው፤ ወር የሚባል ነገር ከአፉ አልወጣም።

ከታመሙ ወዲህ አፍንጫቸው ሽታ አይለይም፤ የሚቀርብላቸውን ሁሉ ገለባ ነው ይሉታል። ባለፈው ሐሙስ ግን ባርበኪው፣ ያ በእንጨት ፍም ቀኑን ሙሉ የሚጠበሰው የአሳማ ሥጋቸው፣ አማረኝ አሉ። ምን ላድርግ? ምድጃው የነበረበት የጓሮው መጥበሻ ቤት ከተቃጠለ ጀምሮ ጓሯችን አረም እንጂ እሳት አያውቅም። በከተማው በእንጨት የሚጠብሰው የመጨረሻው ሰውዬም ሱቁን ከዘጋ ሁለት ዓመቱ ነው። እሳቸውን ደግሞ ታውቃቸዋለህ፤ ፍም ያላየ ሥጋ በዚያ ስም ሲጠራ ከሰሙ ከማዕድ ይነሳሉ። "አሳማ ነው በለው፣ እራት ነው በለው፤ ባርበኪው ግን እንዳትለው" ይሉህ የነበረው ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ።

ጭንቀቴን ያየችው ሚስ ቨርሊን፣ ያቺ ከቤተ ክርስቲያኑ ማዶ ያለችው ጎረቤታችን፣ በእንፋሎት አፍኖ የሚያበስለውን የኤሌክትሪክ ድስቷን ታቅፋ መጣች። ስግደረደርባት ጊዜ፣ የታመመ ሰው የሚበላው ሥጋውን ነው እንጂ ድስቱን አይደለም አለችኝ። የአሳማውን ትከሻ አራት ቦታ ቆርጬ በጨው፣ በቀይ በርበሬና በጥቂት ቡናማ ስኳር አሸሁት። እዚያው ድስቱ ውስጥ ጠበስ ጠበስ አድርጌ፣ ኮምጣጤና ውሃ ጨምሬ ከደንኩት። ዘጠና ደቂቃ! አባባ ቀኑን ሙሉ ፍም በአካፋ እየተሸከሙ የሚደርሱበትን እኔ አንድ ቁልፍ ተጭኜ ቁጭ አልኩ። አፈርኩ። ድስቱ ሲተነፍስ ምንድነው የሚያፏጨው ብለው ከመኝታቸው ጠየቁኝ፤ የሻይ ማንቆርቆሪያው ነው አልኳቸው።

በራሱ ጊዜ እስኪተነፍስ ጠብቄ ስከፍተው ሥጋው ሹካ ገና ሲነካው ተበጣጠሰ። ሚስ ቨርሊን በጠርሙስ የሚሸጥ የጭስ ጠብታም ሰጥታኝ ነበር፤ አንድ ውሸት ይበቃል ብዬ ተውኩት። ቆዳው ግን እንደ እርጥብ ጨርቅ ሆኖ ቀረ። ያ ከልጅነቴ ጀምሮ የምድጃውን በር ገርበብ እያደረግሁ የምሰርቀው፣ የቆዳ ሌባ ያስባለኝ፣ የሚቆረጠመው ቆዳ በእንፋሎት አይገኝም።

በማንኪያ አጎረስኳቸው። ያንን ስም እኔ በአፌ አላነሳሁትም። አኘኩ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"ባርበኪው ይሄ ነው" አሉ። "የልጄ እጅ ነው። መቼ መጣ?"

ትናንት መጣ አልኳቸው። ታዲያ ለምን አይገባም ሲሉኝ፣ ጓሮ እሳቱን እየጠበቀ ነው አልኩ። በእኛ ቤት ፍም ትቶ የሚገባ ሰው ስለሌለ በዚህ የሚረኩ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን እጄን ያዙኝ።

"እሳቱን ትቶ ይግባ በይው። የሚቃጠልም ከሆነ ይቃጠል።"

ወንድምዓለም፣ ይህን ያሉት የምድጃውን የብረት በር ክፍት ትተህ "የአባቴን መጥበሻ ቤት አነደድክ" ብለው ያባረሩህ ሰውዬ ናቸው። ዘግቼዋለሁ ብለህ በእናታችን መቃብር ስትምል እንኳ አላመኑህም። እኔም አጠገባችሁ ቆሜ ነበር፤ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም።

ከሐሙስ ጀምሮ በየምሳው ገባ ወይ ይሉኛል። እሳት ላይ ነው እላለሁ። ግን አንድ እሳት ስንት ቀን ይጠበቃል? የተረፈውን ሥጋ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጬ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት አሞቅላቸዋለሁ፤ ለሦስት ቀን ቢበቃ ነው። ና እባክህ። ከመኪናህ ወርደህ በጓሮ በር ግባ። ልብስህ ጭስ ጭስ ባይል አያውቁብህም።

አንድ ነገር ግን ሳትመጣ እወቅልኝ። በሩን ዘግተኸው ነበር፤ ከአንተ በኋላ የከፈተው ሌላ እጅ ነው። እንዴት እንዳወቅሁ ስትመጣ ፊት ለፊት ጠይቀኝ፤ ከዚያ በኋላ እኔን ባታናግረኝ አልፈርድብህም። ለእሳቸው ስትል ብቻ ድረስ።

እግዚአብሔር መንገድህን ያቅናልህ፤ ለአባባም እስክትደርስ ዕድሜ ይጨምርላቸው።

የቆዳ ሌባዋ
ታናሽ እህትህ