ጠላ የማይጠጣበት ድግስ

ማክሰኞ

ድንኳን ብለው የላኩት ነገር ከትራስ አይበልጥም። ከከረጢቱ ስናወጣው ግን ተስፈንጥሮ ቤት ሆነ፤ ደምሰው ሳቀ። ከመስቀል ወዲህ ሲስቅ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። ለመጻፍ የተቀመጥኩትም ለዚሁ ነው።

አዲስ አበባ የሚኖሩ የቡድሃ እምነት ተከታዮች ከነልጆቻቸው ሊመጡ ነው። ብዙዎቹ የስሪላንካና የጃፓን ሰዎች ናቸው፤ ጥቂት ያገራችን ልጆችም አሉበት። ከአንኮበር ጫካ በላይ ባለው መስክ ላይ ከሐሙስ እስከ እሑድ በድንኳን ያድራሉ። በዓል ነው ይላሉ። ሥጋ የለም። ፕላስቲክ የለም። መጠጥ የለም። መስኩን ያሳየኋቸው እኔ ነኝ፤ የእህቴ ልጅ ደምሰው ደግሞ ድንኳን ሊተክልና ውሃ ሊቀዳ ተቀጥሯል። ሥራውን የለመንኩለት ለሦስተኛው «የለም» ስል ነው።

ደምሰው አረቄ የተወው በመስቀል ነው። ሚስቱ ሸዋዬ ግን ከዚያ በፊት ልጃቸውን ምንታምርን ይዛ ደብረ ብርሃን እናቷ ዘንድ ገብታለች። እሱ እኔ ቤት ነው የሚኖረው። ዛሬ ስደውልላት እንዲህ አለችኝ፦ «ጋሼ ታዬ፣ ቤት ተቀምጦ መተው ቀላል ነው። ድግስ መሃል ቆሞ ልየው።» ቅዳሜ ልጅቷን ይዛ ትመጣለች። አይታ ትወስናለች።

እሱ ካቆመ ጀምሮ እኔም ፊቱ አልቀምስም። ገብሱ ጆንያ ውስጥ የቀበርኳት አንዲት የአረቄ ጠርሙስ አለች፤ ለብርድ ናት። ደምሰው አያውቅም።

ረቡዕ

ቀኑን ሙሉ ንፋስ። አንዱን ድንኳን ስንተክል ሌላው ወደ ገደሉ ይሸሻል። ደምሰው ገመዱን የሚያስረው በሬ እንደሚጠምድ ሰው ረጋ ብሎ ነው። እጁ አይንቀጠቀጥም። ደጋግሜ አየሁት፤ እንዳየሁት እንዳያውቅ ሌላ ሌላውን አወራሁ።

መሪያቸው ኒላ ትባላለች። የስሪላንካ ሰው ናት፤ አዲስ አበባ ብዙ ስለኖረች አማርኛ ትችላለች። ችግኝ ያለበት ቦታ ካስማ አስነቀለችን። መጸዳጃው ጉድጓድ ነው፤ ውሃ አይባክንበትም፣ አመድ ይነሰነስበታል። አያቴ ይህንኑ ሲያደርጉ ኋላ ቀር ይባሉ ነበር።

«ነፍስ ያለው ነገር አንገድልም» አለችኝ።

«ቁንጫስ?»

አሰብ አድርጋ «ቁንጫም» አለች።

«እንግዲያው እግዚአብሔር ያበርታችሁ፤ አንኮበር ነው የመጣችሁት» አልኳት።

ሐሙስ

መጡ። ልጆቹ ከአዋቂዎቹ ይበዛሉ። ገደሉ ጠርዝ ላይ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ሲግጡ አይተው ፈሩ። «የቀበሌው ጸጥታ ኮሚቴ ነው፤ መታወቂያ አዘጋጁ» አልኳቸው። አንዱ ሕፃን የእውነቱን ሄዶ እናቱን መታወቂያ ጠየቃት።

ከሰዓት በኋላ ሣሩ ላይ ክብ ሠርተው ተቀመጡ። አምስት ቃል አላቸው፤ ነፍስ አለመግደል፣ ያልተሰጠን አለመውሰድ፣ በሥጋ ነገር ሰውን አለመበደል፣ አለመዋሸት፣ አእምሮ የሚያደነዝዝ ነገር አለመጠጣት። አንዱ ያገራችን ልጅ ወደ አማርኛ ይመልሰዋል። ከዚያ ዝም። ሕፃናቱ እንኳ ዝም። እኔ ዝምታ አይስማማኝም፤ ቢሆንም ዝም አልኩ። ጉሙ ከቆላ እየወጣ ድንኳኖቹን አንድ በአንድ ሲውጣቸው አየሁ።

ደምሰው ውሃ ይዞ ዳር ቆሞ ይሰማ ነበር። ኋላ ቀረብ ብሎ «ጋሼ፣ አምስተኛውን ብቻ ብይዘው ኃጢአት ይሆንብኛል? ሃይማኖቴን የለወጥኩ እንዳይሆን» አለኝ።

«አረቄ አለመጠጣት ኃጢአት የሆነበት ሃይማኖት ካለ ጠቁመኝ፤ እኔ ልግባበት።»

አልሳቀም። ከልቡ ነው የጠየቀኝ። «አይሆንብህም፤ የእኛም ቄስ ይህንኑ ነው የሚሉት» አልኩት እንደ ሰው።

ዓርብ

ጉድ አፍልቻለሁ።

ጎረቤቴ እትዬ አስካለ ባለፈው ሳምንት «እነዚህ እንግዶችህ ምን ይወዳሉ?» ስትለኝ፣ «ምስኪኖች ናቸው፤ አገራቸው የሚጠጣ የለም፤ ጉሮሯቸው ደርቆ ነው የሚመጡት» ብያት ነበር። ለሳቅ። ዛሬ ማለዳ ደጇ ሳልፍ ገሾ ገሾ ሸተተኝ። ብገባ ድፍድፉ ላይ ውሃ ስትጨምር አገኘኋት።

«ለእንግዶቹ ነው» አለች። «ነገ ከሽማግሌዎቹ ጋር ይዘንላቸው እንወጣለን። ሰው አገራችን መጥቶ ጠምቶት ይመለስ?»

«እትዬ፣ አይጠጡም። ቃላቸው ነው።»

«አንተ ደግሞ። ያን ጊዜ ተጠምተዋል አልክ፣ ዛሬ አይጠጡም አልክ። የቱን ልመን?»

«የዛሬውን።»

«ያን ጊዜም እንዲሁ ዐይን ዐይኔን እያየህ ነው የነገርከኝ።»

የደምሰውን ነገር ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ሴቶች አብረዋት ነበሩ። የሰው ቁስል በሰው ፊት አይገለጥም ብዬ ዘጋሁት።

ለኒላ ነገርኳት። «የሰጡንን እንቀበላለን፣ አንጠጣም» አለች። «እንዳናስቀይማቸው እንዴት እናድርግ?» ደምሰውን ደግሞ «ነገ ቤት ዋል» አልኩት።

«ሸዋዬ ድግስ መሃል ልየው ብላለች አላሉኝም?» ብሎ አመድ ሊያመጣ ሄደ።

ምሳዬንም አልበላሁም።

ቅዳሜ

ልቤ ገና አልተመለሰም፤ ቢሆንም ልጻፈው።

ሸዋዬ ረፋድ ላይ ደረሰች። ምንታምር እናቷ ነጠላ ሥር ተሸጉጣ አባቷን በአንድ ዐይኗ ታየዋለች። እሱም አልቀረባትም። «ደህና ነሽ?» አላት ከሩቁ። አንገቷን ነቅነቅ አድርጋ መለሰችለት።

ከቀትር በኋላ እትዬ አስካለ ሽማግሌዎቹን አስከትላ መጣች፤ ጠላው አህያ ላይ ነው። ኒላ በሁለት እጇ ተቀብላ ጎንበስ አለች። ትልቁ ሽማግሌ መረቁ። እስከዚህ ደህና ነው። ከዚያ እትዬ አስካለ ዞር ዞር ብላ አየችና አጠገቧ ለነበረው ጠላ የሞላ ጆግ ሰጠችው።

«ደምሰው፣ አንተ አሳልፍ።»

የእኛ አገር አሳላፊ ለእንግዳ ከመቅዳቱ በፊት መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል። መጠጡ ንጹሕ ነው ማለቱ ነው። ካልቀመሰ ጠማቂዋን ጠረጠራት ማለት ነው፤ በሽማግሌ ፊት ከዚህ የባሰ ስድብ የለም።

ደምሰው ጆጉን ያዘ። ሽታው እኔ ጋ ደርሷል፤ እሱማ አፍንጫው ሥር ነው። ሸዋዬ ቆማ ታያለች። ቀልድ ፈለግሁ። ከስንቱ ጭንቅ ያወጣኝ ቀልድ ነው፤ ዛሬ አንድም አልመጣልኝም። ጆጉን ልነጥቀው ብድግ አልኩ፤ በዐይኑ መለሰኝ።

«ቅመስ እንጂ» አሉ ሽማግሌው።

ጆጉን ሣሩ ላይ አስቀመጠ።

«እትዬ አስካለ፣ እጅዎን አውቀዋለሁ። የሠርጌን ጠላ የጠመቁልኝ እርስዎ ነዎት። ችግሩ ከጠላው አይደለም፤ ከእኔ ነው። ከቀመስኩ ማቆም አልችልም። አሳልፍ ካሉኝ ውሃ ላሳልፍ።»

ከቤታችን ወንዶች በሰው ፊት እንዲህ ብሎ የተናገረ አላውቅም። እኔም አላደረግሁትም።

እትዬ አስካለ ጎንበስ ብላ ጆጉን አነሳች። በራሷ መዳፍ ጠብ አድርጋ ቀመሰች። «ጠማቂዋ ቀምሳለች» አለች ለሽማግሌዎቹ። ከዚያ ለእሱ፦ «በል ልጄ፣ ውሃውን ቅዳ። ዳገቱ እኔንም አስጠምቶኛል።»

ወደ እኔም ዞረች። «ታዬ፣ ለካ ሳምንት ሙሉ ስጠምቅ የከረምኩት ያንተን ቀልድ ነው።»

አንገቴን ደፋሁ። ጠላው ወደ መንደር ተመለሰ፤ ሽማግሌዎቹም እንግዶቹም ሣሩ ላይ ተቀምጠው ውሃ ጠጡ። ልጆቹ ዘፈኑ። ደምሰው ሁሉንም ዞሮ ቀዳ። ሸዋዬ ጋ ሲደርስ ተቀብላው ጠጣች። ብርጭቆውንም በሁለት እጇ መለሰችለት።

እሑድ

ድንኳኖቹን ነቀልን። ከመሄዳቸው በፊት ትልቅ ትንሹ ተሰልፎ መስኩን ከዳር እስከ ዳር ለቀመው፤ ወረቀት፣ ክር፣ ከእነሱ በፊት የተጣለውንም ሁሉ። ምንታምር መጀመሪያ ከእናቷ ጋር ነበረች። መሃል ላይ ሳያት ደምሰው አጠገብ ናት፤ መዳፏ ላይ የበግ በጠጥ ይዛለች።

«አባ፣ ይሄም ይነሳል?»

«እሱ ይቅር። ለሣሩ ነው።»

መልሳ አንድ በአንድ አስቀመጠችው። አባ ስትለው ሰምቻለሁ።

ሸዋዬ መንገዱ ጋ ስንደርስ ለብቻ ጠራችኝ። «ትምህርቷ ለዕረፍት ተዘግቷል። እስከ ቅዳሜ እናንተ ጋ ትቆይ።»

«አንቺስ?»

«የእኔን አይጠይቁኝ ጋሼ። ቅዳሜ ስመጣ እናያለን።»

ሚኒባሱ ወሰዳት። እኔ ግን ቤት የምትጠብቀን ጠርሙስ ትዝ ብላኝ እርምጃዬን አፈጠንኩ። እንደገባሁ እጄን ገብሱ ውስጥ እስከ ክርኔ ሰደድኩ። ብዳስስ ብዳስስ የለችም።

«ወደ ግራ ነው ጋሼ። ከሥር በኩል» አለኝ ደምሰው ከበሩ።

እጄ ገብሱ ውስጥ እንዳለ ቀረሁ። «ታውቃለህ?»

«ለወፍጮ ስሰፍር አገኘኋት። በጥቅምት።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«እንዳያፍሩ ብዬ።»

አወጣኋት። ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርጌ አየኋት፤ እኔ ከተውኩባት ልክ ወረድ አላለችም። ውሰድና ድፋት ልለው ነበር። ትናንት ሣሩ ላይ ያስቀመጠው ጆግ ታወሰኝና ራሴ ይዤ ወጣሁ። የጓሮው አመድ ላይ ደፋኋት።

ስመለስ ምንታምር ገብሱ ጆንያ ላይ ወጥታ ተቀምጣለች፤ እግሯን ታወዛውዛለች። ደምሰው ጫማዋን እያወለቀላት ነው። ሸዋዬ ቅዳሜ ምን እንደምትል አላውቅም። ቀልድ ብጤ አፌ ላይ መጥቶ ነበር፤ ተውኩት።