ጨረቃዋ የምትቀላበት ሐሙስ

ማክሰኞ፣ ጥር 5

ቀኑን ሙሉ ፈተና ሳርም ዋልኩ። የመምህራን ክፍሉ አሁንም የእርጥብ ካልሲ ሽታ አለው... መስኮት የሚከፍት እጅ ጠፋ። ጥያቄው ስለ ግርዶሽ ነበር። ሁለት የጥንት ሠራዊቶች ሲዋጉ ቀኑ ድንገት ጨለመና ውጊያቸውን አቁመው ታረቁ። ለምን? አንዱ ተማሪዬ «መብራት ስለጠፋ» ብሎ ጽፏል። ግማሽ ነጥብ ሰጠሁት።

እራት ላይ ወንድሜ መጣ። የቤት ደላላ ነው። እኔና አክስቴ የምንኖርበት ቤት በገባ ቁጥር ዓይኑ ጣሪያውን ይለካል። ወሬ ለማስቀየስ ብዬ የአንድ መርከበኛ ታሪክ ነገርኳቸው። ከአምስት መቶ ዓመት በፊት መርከቡ ተበላሽቶ ደሴት ላይ ቀረ። የደሴቱ ሰዎች እሱንና ሰዎቹን መቀለብ ሰለቻቸው። ግርዶሹ የሚሆንበትን ቀን ከመጽሐፍ አየና «አምላኬ ተቆጥቷል፤ ዛሬ ጨረቃዋን ደም ያስመስላታል» አላቸው። ቀላች። እያለቀሱ ምግብ ተሸክመው መጡ።

ይህን ታሪክ ባስተማርኩ ቁጥር መርከበኛው ያስጠላኛል። ወንድሜ ሳቀ። ብልጥ ሰው ነበር አለ። አክስቴ ሳህን ልታነሳ ስትወጣ ደግሞ የሚቀጥለው የጨረቃ ግርዶሽ መቼ እንደሆነ ጠየቀኝ። ሐሙስ ሃያ አንድ፣ ልክ ሲመሽ አልኩት። ስለ ትምህርት ጠይቆኝ አያውቅም። ደስ አለኝ... ጅል።

እሑድ፣ ጥር 10

አክስቴ ምሳ አልበላም አለች። ስንት ከጎተጎትኳት በኋላ ተነፈሰች። ወንድሜ ሟቹን ባሏን በሕልሙ አይቷቸዋል። ሦስት ጊዜ። ቤቱን በወንድሜ ስም ካላዞረችው እንደማያርፉ ነግረውታል። ምልክቱስ? ሐሙስ ሲመሽ ጨረቃዋ ደም ትመስላለች።

ከእኔ አፍ ለቅሞ! ከሞቱ ሁለት ዓመት ያልሞላቸውን ሰው ለድለላ አሰማራቸው። ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ደብተር ውስጥ ስሙ ነቢዩ ነው።

ሰኞ፣ ጥር 11

አምፖል፣ ብርቱካንና የክር ድውር ይዤ ቁጭ አልኩ። አምፖሉ ፀሐይ፣ ብርቱካኑ መሬት፣ ድውሩ ጨረቃ። ጥላው ድውሩ ላይ ሲያርፍ ለአክስቴ አሳየኋት። ብርቱካኑን ከእጄ ወሰደች።

«ወንድምሽ ውሸታም ነው እያልሽኝ ነው? ባሌን አልጋ ላይ ሲያገላብጥልኝ የነበረውን ልጅ?»

ብርቱካኑን ልጣ በላችው። እውነቷን ነው፣ አገላብጧቸዋል። ያኔም ጣሪያውን እያየ ነበር? እንዲህ ማሰቤ ራሱ ያስጠላል።

ዓርብ፣ ጥር 15

ነቢዩ መጥቶ የሟቹ ፎቶግራፍ ፊት አለቀሰ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል። ለካ ያለ አንጀትም አይገድም። ወጥቶ ሲሄድ የበሩን እጀታ በጨርቅ ጠረግኩት።

ቅዳሜ፣ ጥር 16

አንድ የጥንት ጦር አዛዥ ጨረቃ ጨለመች ብሎ ሽሽቱን አዘገየ። በዚያው ተከበበ፤ ሠራዊቱ አለቀ። አክስቴ የቤቱን ካርታ ከሳጥን አውጥታ ትራሷ ስር አድርጋለች። እሷም እየጠበቀች ነው።

ሐሙስ፣ ጥር 21

ነቢዩ በቀን መጣ። የሚፈረመውን ወረቀት በፕላስቲክ ይዞ፣ እስክሪብቶ ደረት ኪሱ ውስጥ ሰክቶ። ግቢ ውስጥ ሦስት ወንበር ደረደረ፣ ሠርግ ይመስል። አክስቴ የባሏን ካፖርት ደርባ ወጣች።

ሲመሽ ሰማዩ ግን ደመና። አንዲት ቀዳዳ የሌለው ወፍራም ደመና።

ነቢዩ አንገቱን አስግጎ ቆየ። ከደመናው ኋላ ቀልታለች አላት። አላየሁም አለች። እመኚኝ አላት። ሳላይ አልፈርምም አለች። ላቡ በጆሮው ስር ወረደ። ወዲያ ሄደ፣ ወዲህ መጣ... በመጨረሻ ወደ እኔ ዞረ።

«ንገሪያት እንጂ! ሐሙስ ሲመሽ ነው ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም?»

አክስቴ ቀስ ብላ ቀና አለች።

«ባሌ ነው የነገረኝ አላልከኝም?»

ነቢዩ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ወጣ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን አክስቴ ከወንበሩ አልተነሳችም። «እኔ እኮ» አለችኝ፣ «ስለ ቤቱ አይደለም። ባሌ መጣ ብዬ ነበር።» ቤቱን ቢሰርቃት ይሻል ነበር። ደመናው ሲገለጥ ግርዶሹ አልፎ ጨረቃዋ ነጭ ሆና ወጣች። አክስቴ ቀና ብላ አላየቻትም።

ዓርብ፣ ጥር 22

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች፤ ለነቢዩ የተተረተ ነው። አክስቴ ካፖርቱን እንደደረበች አደረች።

እሑድ፣ የካቲት 8

ነቢዩ ሙዝ ይዞ መጣ። ምንም እንዳልተፈጠረ። ደሜ ፈላ። አክስቴ ግን አስቀመጠችው፣ ሻይ ቀዳችለት፣ ስኳሩን ራሷ አማሰለችለት። ምን ነካት?

«ባሌ ትናንት በሕልሜ መጥቶ ነበር» አለችው።

ብርጭቆው አፉ ጋ ቀረ። ምን አሉሽ አላት።

«ቤቱን ለማንም እንዳትሰጪ አለኝ። ምልክት ልጠይቀው ነበር፤ ደመና ሊሆን ይችላል፣ ቃሌን ያዢ አለኝ።»

በሕልም የመጣ ሰው ከሕልም ጋር ምን ብሎ ይከራከራል? ሻዩን ሳይጨርስ ሄደ። የበሩን እጀታ መጥረግ ረሳሁ።

አይታው ነው ወይስ ፈጥራው? ልጠይቃት ኩሽና ድረስ ተከተልኳት። ጀርባዋን ሰጥታኝ ብርጭቆ እያጠበች ታንጎራጉራለች። ተውኩት። በመስኮቱ ሲታይ ካፖርቱ ታጥቦ ገመድ ላይ ተሰጥቷል።