ወሰዱት ያልኩዎት ደብተሮች

ደሴ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለማከብርዎት የሰልዋ አባት፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወረህመቱላህ። ዓይንዎ እንዴት ነው? ፋሻው እስኪፈታ ይህን የምታነብልዎ ልጃችን ሰልዋ ናት። እሷም መስማት አለባት። ልጇ ሱዓድ እኔ ዘንድ ደህና ናት፤ ዘንድሮ ፊደል ጀምራለች።

ባለፈው በስልክ፣ «ዓይኔ ከበራልኝ የኮምቦልቻን ሱቆች እንደገና አዳርሳቸዋለሁ» ካሉኝ በኋላ ነው ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ የተነሳሁት። አራት ዓመት ሙሉ ኮምቦልቻ እየወረዱ ከምንበላው በላይ ምስር በሩብ በሩብ ኪሎ ሲገዙ፣ የተጠቀለለበትን ወረቀት ፈተው የገዛ ጽሕፈትዎን ሲፈልጉ አይቻለሁ። ምስሩን ለቅሜ ቀቅያለሁ።

ከእንግዲህ አይፈልጉ። የእናትዎን መንደር የጥንት ቋንቋና ተረት ሠላሳ ዓመት የጻፉባቸውን አሥራ አንድ ደብተሮች ማንም አልወሰዳቸውም። እኔ ነኝ ያነደድኳቸው።

በዚያ በጦርነቱ ኅዳር፣ ከአክስትዎ ቃል ሊሰበስቡ ሐርቡ ወርደው መንገድ ሲዘጋብዎ፣ ሱዓድ ጡት እንድትተው ሰልዋ ልካልን እኔው ጋር ነበረች። ሁለት ዓመት አልሞላትም። ደረቷ ሲር ሲር ይል ነበር። ከሰል የለ፣ መብራት የለ። አግዳሚውን ፈለጥኩ፤ የጓዳውን በር ፈለጥኩ። ከዚያ ወደ መደርደሪያዎ ሄድኩ።

ወላሂ፣ መጀመሪያ የቀደድኩት ያልተጻፈባቸውን ገጾች ብቻ ነበር። አልበቃም። ቃላቱን የያዙት ተከተሉ። የተረቱን ደብተር ለመጨረሻ አቆየሁት፤ በእሱ ውሃ አሙቄ አጠጣኋት። በማግስቱ አላባትና ትኩሳቱ ለቀቃት።

ሲመለሱ ባዶውን መደርደሪያ አይተው «ወሰዱት?» አሉኝ።

«ወሰዱት» አልኩ።

ጎረቤቱ ሁሉ ተዘርፎ ነበርና አመኑኝ፤ የተዘረፈው ወረቀት ኮምቦልቻ ለሱቅ መጠቅለያ ተሸጠ ሲባል ሰምተው ፍለጋ ወረዱ። ያን ጊዜ ብናገር አክስትዎ በሕይወት ነበሩ፤ እንደ አዲስ ጠይቀው ይጽፉ ነበር። እርስዎ ግን በየሱቁ ወረቀት ሲፈቱ እሳቸው ሞቱ፤ ቋንቋውን የሚናገር ሌላ ሰው አልቀረም። ልጅቱን ያዳንኩበት እሳት አይጸጽተኝም። የሚበላኝ ያቺ አንዲት ቃሌ ናት።

ሰልዋ ልጄ፣ ማንበብሽን አታቋርጪ።

ድሮ ካነበቡልኝ ውስጥ ጨረቃን በእንስራ የደበቀችውን ሴት ተረት ለሱዓድ ጀመርኩላት። ወንዙ መጥቶ እንስራውን ስጪኝ እስከሚላት ድረስ አውቀዋለሁ። ከዚያ ወዲያ የለኝም። ልጅቱ ግን አትለቀኝም፤ «ሰጠችው ወይ?» ትለኛለች በየቀኑ።

«አባባ ሲመጡ ጠይቂያቸው» አልኳት።

እዚያው ሰልዋ ዘንድ ልሰንብት ቢሉም አልፈርድብዎትም። አላህ ዓይንዎን ያብራልዎ፣ ጤናውን አያጉድልብዎ። እሱ ፊት ሳንቆም አፉ ይበሉኝ፣ ይቅር ይበሉኝ።

የቤትዎ ሰው
ሸሪፋ