ከሆላንድ የቀረችው አንዲት መስመር

አግሮስ፣ ቆጵሮስ
እሑድ፣ ኖቬምበር 11 ቀን 2018

ለምወድህ ልጄ ለሶዞስ፣

እንደምን ከርመሃል? እኔ ሲቀዘቅዝ ዳሌዬን ከሚጠዘጥዘኝ በቀር ደህና ነኝ፤ እመቤታችን ትመስገን። ዛሬ ደግሞ ደብዳቤ ምን አስጻፋት ትል ይሆናል። በስልክ ቁም ነገር በጀመርኩ ቁጥር መስመሩ ይቆራረጥብሃል። ወረቀት አይቆራረጥም፤ ስለዚህ ቁጭ በልና እስከ መጨረሻው አንብበኝ።

ወይኑ ተለቅሟል። ዘንድሮ በረዶው ስለመታው ብዙ አላገኘንም። ያገኘነውን ግን ሚስትህ ጨምቃ አፍልታ፣ ለውዙን በክር ሰክታ እየነከረች፣ የወይን ጣፋጩን ሠርታ በረንዳው ላይ ሰቅላዋለች። ጎረቤታችን ፓናይስ በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ «ሚሮፎራ፣ ይቺ የኔፓል ልጅ በለጠችሽ እኮ» አለኝ። «ያንተንም ሚስት በልጣታለች፤ ግባና ንገራት» አልኩት። ያንተን ድርሻ ለብቻ ጠቅልላ አስቀምጣልሃለች፤ ስሄድ እወስድለታለሁ ትላለች። ያምናውም እዚያው ቁም ሳጥን ውስጥ ነው፣ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ሆላንድ ከገባህ ዓመት ከመንፈቅ ሆነህ፤ ይህን ሁሉ ጊዜ የምትነግረን አንድ ነገር ነው። «እማዬ፣ የአውሮፓ ሕግ ከባድ ነው። ለእኔ የተከፈተው በር ለሚስቴ ለኮፒላ ዝግ ነው። የባንክ ሂሳብ ይላሉ፣ ዋስ ይላሉ፣ ወራት ይፈጃል» ትለናለህ። እኔም አመንኩህ። ቡና ቤቱ በር ላይ ቆሜ ብራስልስን ስረግም ቄሱ ሳይቀሩ ሰምተውኛል። በኋላ ከሩቅ መርገሙ ሲሰለቸኝ፣ የሆላንድ ቆንስላ ድረስ ሄጄ ፊት ለፊት ልነግራቸው ቆረጥኩ። ኮፒላ «ይቅርብዎ እማማ፣ ዳሌዎ አይችልም» እያለች ለመነችኝ። እምቢ ካልኩ እምቢ ነኝ፣ ታውቀኛለህ። ባለፈው ማክሰኞ በጠዋቱ አውቶቡስ ኒቆሲያ ወረድን።

ቆንስላው ውስጥ መስኮቱ ጋ የተቀመጠችው የእኛው አገር ልጅ ናት። እኔንም እሷንም አየት አደረገችና «ኮፔላሽ ናት? የሠራተኛ ጉዳይ እዚህ አይደለም» አለችኝ።

ይሄ ነገር መቼም አይለቀንም። እኔን ልታስታምም የመጣች ቀን ታስታውሳለህ? ደረቷን እየነካች «ኮፒላ፣ ኮፒላ» ስትለኝ፣ በኛ አፍ ኮፔላ የቤት ሠራተኛ ልጅ ማለት ነውና «ሠራተኛዋ፣ ልጅቷ እኔ ነኝ» የምትል መስሎኝ፣ «እሱንማ አየሁ፤ ስምሽን ንገሪኝ» እያልኩ ስንት አደከምኳት። በአገሯ ቋንቋ እንቡጥ ማለት እንደሆነ በምን ልወቅ።

«ኮፔላዬ አይደለችም» አልኳት ልጅቱን። «ኮፒላ ናት። የልጄ ሚስት ናት፣ በማዘጋጃ ቤት የተፈራረሙ።»

ፊቷ ቀላ፤ ይቅርታ ጠየቀችን። እኔ ግን ያዘጋጀሁትን ስድብ ይዤ ልመለስ አልቻልኩምና አወረድኩት። አስጨርሳኝ ስታበቃ እንዲህ አለችኝ።

«እማማ፣ ይህን ማን ነገርዎት? ልጅዎ የአውሮፓ ዜጋ ነው፤ የሚኖረው በሌላ የአውሮፓ አገር ነው። ሚስቱ እሱ ዘንድ የምትሄድ ከሆነ ሕጉ ከሷ ጋር ነው። ቪዛው በነጻ ነው፣ ቶሎ ያልቃል፣ የባንክ ሂሳብም አንጠይቃትም።»

«ታዲያ ምን ጎደለ?»

«ፓስፖርቷ ይኸው። የጋብቻ ወረቀቷ ይኸው። ባሏ ‹ሚስቴ እኔ ዘንድ ትመጣለች› ብሎ የፈረመባት አንዲት መስመር ከአድራሻው ጋር፣ እሷ ብቻ ናት የቀረችው።»

«ያለሱ፣ ብቻዋን ብትሄድስ?»

«ያለሱማ እንደማንኛውም አገር ጎብኚ ናት። መብቱ የሚመጣላት በሱ በኩል ነው። እሱ ካልጠራት እኔ ምንም ላደርግላት አልችልም።»

አሳ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ማለት ይኸው ነው። ሰው አገናኝቶ ሊያኖር የወጣ ሕግ ኖሯል ያን ሁሉ ጊዜ ስረግመው የከረምኩት።

ኮፒላ ደረጃው ላይ ሆና ደወለችልህ። አጠገቧ ነበርኩ፤ ጆሮዬ ደግሞ እንደ ዳሌዬ አልደከመም። «ሥራ ላይ ነኝ፤ ነገ እልካለሁ» አልካት። ይኸው ዛሬ እሑድ ነው።

ስንመለስ አውቶቡሱ ተራራውን ሲጀምር «እማማ፣ እኔ አውቅ ነበር» አለችኝ።

«ምኑን?»

«መስመሯን። በፋሲካ ሰሞን መድኃኒትዎን ላመጣ ስወርድ ቆንስላው ገብቼ ጠይቄያለሁ። ለሶዞስም ነገርኩት። በጋው ይለፍ አለኝ።»

«ታዲያ ለእኔ የማትነግሪኝ ምን ነክቶሽ ነው?»

«ልጅዎን እንዳይቀየሙት ብዬ ነዋ።»

ይህን ብላ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ እንዳቀፈች ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። አንጀቴን በላችው።

የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል። አንተ ግን ማስጣሉ ቀርቶ፣ ጅብ በሌለበት ጅብ መጣ እያልክ ስታስፈራራን ኖርክ። ሌላ ሰው ይኑርህ አይኑርህ አልጠይቅህም፤ እሱን አንተና እግዜር ታውቃላችሁ። አንድ ነገር ግን አውቶቡሱ ውስጥ መጣብኝ፤ ከዚያ ወዲህ አለቀቀኝም። ኮፒላ ሠራተኛዬ ሳለች እሑድ እሑድ ታርፍ ነበር፤ ደመወዟንም ለእናቷ ትልክ ነበር። ካገባሃት ወዲህ ምራት ናትና ደመወዝ የላትም፤ የቤት ሰው ናትና እረፍትም የላትም። ልጄ፣ ያገባሃት ለራስህ ነው ወይስ ለእኔ?

እውነቱን ልንገርህ፣ ኮፒላ እንዳትሄድብኝ እፈራለሁ። ጫማዬን የምታስርልኝ እሷ ናት። ጎደሬውን የምትልጥልኝ፣ ስወድቅ የምታነሳኝ እሷ ናት። እናቴ ብቻዋን ትቀራለች ብለህ ከሆነ ዝም ያልከው፣ በእኔ ስም አታድርገው። ሰው ታስሮልኝ መጦር አልፈልግም። ደክሞኛል ሶዞስ፤ ከዳሌዬ ይልቅ ይሄ ነው ያደከመኝ።

እንግዲህ ከሁለት አንዱን አድርግ። ወይ መስመሯን ጻፍ። እንዳትከብድህ እኔው ጽፌልሃለሁ፣ ገልብጠህ ፈርምባት፤ «ሚስቴ ኮፒላ እኔ ዘንድ ትመጣለች፤ አብራኝ ትኖራለች።» እጅህ እምቢ ካለህ ደግሞ ለእኔ ሳይሆን ለእሷ ደውልና በአፍህ ንገራት። ገና ወጣት ናት፤ እናት አላት፤ አገር አላት። የሚጠራት ከሌለ ጆሮዋን አቅንታ መክረሟ ይብቃ።

ብቆጣህም ልጄ ነህ። ብርዱን ተጠንቀቅ፤ የአባትህን ሹራብ ሻንጣ ውስጥ አታኑረው፣ ልበሰው። የአባትህ አምላክ ልብ ይስጥህ፣ የያዝከውን ይባርክልህ፣ በሄድክበት ሁሉ ሰው አያሳጣህ።

ይህን ደብዳቤ ነገ ፖስታ ቤት የምታደርስልኝ እሷው ናት። የኛን ፊደል ገና አልለመደችምና ምን እንደጻፍኩ አታውቅም። አሁን እጇን እያደራረቀች ከኩሽና ብቅ አለችና «እማማ፣ ለሶዞስ ሰላም አሉልኝ?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ሰላም ብላሃለች።

እናትህ
ሚሮፎራ