ቀይዋንና ሰማያዊዋን አንድ ያደረጉት የአቶ እምሩ መድኃኔ የሕይወት ታሪክ

ትናንት ጠዋት ደህና ዋሉ ብለው ከቤት የወጡ ሰው ታሪክ ዛሬ ይነበባል ብሎ ያሰበ አልነበረም። በድንጋጤ የተጻፈ ነውና የጎደለ ቢገኝበት አድማጭ በትዕግሥት ይለፍልን።

አቶ እምሩ መድኃኔ ከአባታቸው ከአቶ መድኃኔ ወልደሰንበትና ከእናታቸው ከወ/ሮ አስካለ ተሰማ ጥቅምት 5 ቀን 1949 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከተማ፣ አራዳ፣ ዶሮ ማነቂያ ተወለዱ። አባታቸው ፒያሳ ውስጥ ሰዓት ሠሪ ነበሩ። አቶ እምሩም ገና ፊደል ሳይለዩ ወረንጦ መያዝን ከአባታቸው ጠረጴዛ ሥር ተምረዋል።

ዕድሜያቸው ሲደርስ በቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት ደግመው፣ የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚያው አራዳ ተከታተሉ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳሉ በ1967 ዓ.ም. ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ከፋ ተላኩ። እዚያም ዝናብ ባባራ ቁጥር መንገዱ ላይ ካለው ጭቃ ውኃ የሚጠጡ ቢራቢሮዎች እንደ ምንጣፍ ተነጥፈው አዩ። ከዚያች ቀን በኋላ ዓይናቸው ከቢራቢሮ አልተነሣም። ጓደኞቻቸው “ዘማች ሁሉ ገበሬ ሲያደራጅ እምሩ ቢራቢሮ ያደራጃል” እያሉ ይስቁባቸው ነበር። ከዘመቻው ተመልሰው በዩኒቨርሲቲ ሥነ ሕይወት አጠኑ፤ በ1974 ዓ.ም. ተመርቀው በአንድ የምርምር ተቋም የነፍሳት ስብስብ ክፍል ተቀጠሩ። ጡረታ እስከወጡበት እስከ 2009 ዓ.ም. በዚያው ሠሩ። ከጡረታ በኋላም በነፃ ይመላለሱ ነበር።

ሥራቸው ምን እንደነበረ ሰፈሩ ውስጥ በቅጡ የገባው ጥቂት ሰው ነው። በደቡብ ምዕራብ ሞቃታማ ጫካዎች የሚኖር፣ እርስ በርሱ የሚመሳሰል አንድ የቢራቢሮ ወገን አለ። አቶ እምሩ የክንፉን ጅማትና ነጥብ እያመሳከሩ የትኛዋ ራሷን የቻለች ዝርያ እንደሆነች፣ የትኛዋስ የትኛዋን እንደምትዛመድ ሲመድቡ ዕድሜያቸውን ፈጁ። “ሰው ዘሩን ይቆጥር የለ? እነሱ መቁጠር ስለማይችሉ እኔ እቆጥርላቸዋለሁ” ይሉ ነበር።

ጥር 1978 ዓ.ም. ወ/ሮ ሙሉነሽ ገብረየስን በሥርዓተ ተክሊል አገቡ። ወ/ሮ ሙሉነሽ ፒያሳ የሙሽራ ልብስ ሰፊ ነበሩ። አቶ እምሩ ለመያዣ መረባቸው ስስ የቬሎ ጨርቅ ሊገዙ ሱቁ ገብተው፣ ሙሽራዋ ማን እንደሆነች ቢጠየቁ “ቢራቢሮ” ብለው መለሱ። ወ/ሮ ሙሉነሽ እብድ ነው ብለው በፍጥነት ቆርጠው ሸጡላቸው። እብዱ ግን ጨርቁ ተቀደደ እያሉ እየተመላለሱ፣ ኋላ መረቡን የሚሰፉላቸው ወ/ሮ ሙሉነሽ ራሳቸው ሆኑ። በጋብቻቸውም ናዝራዊትንና ሄኖክን አፍርተዋል።

በ1989 ዓ.ም. አቶ እምሩ ከዚያ በፊት ማንም ያልመዘገባትን አንዲት ሰማያዊ ቢራቢሮ ከከፋ አመጡ። አዲስ ዝርያ ያገኘ ሰው በራሱ ስም መሰየም ነውር ነው፤ በሚያከብረው ሰው ስም ግን ይችላል። እሳቸውም ሰማያዊዋን በላቲን አካሄድ “ሙሉነሼ” አሏት። ይህ በሰፈር ሲሰማ ትልቅ ወሬ ሆነ። የፒያሳ ልጆች “እትዬ ሙሉ፣ ክንፍዎን የት አጥፈው አስቀምጠውት ነው?” እያሉ ሲያልፉ ይለክፏቸው ነበር። የቢራቢሮዋ ፎቶግራፍ ሱቃቸው ውስጥ በቬሎዎቹ መሐል ተሰቀለ። በሠርግም በእድርም ወ/ሮ ሙሉነሽ “ፍጥረት በስሟ የተጠራላት” እየተባሉ ተዋወቁ። እዚህ ከቆማችሁት መካከል ይህን ያልሰማ ያለ አይመስለንም።

ከሰማያዊዋ ጋር በጣም የምትቀራረብ አንዲት ቀይ ቢራቢሮ አለች፤ አንድ የውጭ አገር ሰው ከመቶ ዓመት በፊት ስም ያወጣላት። ቀይዋ በሞቃቱ ወራት ትታያለች፤ ሰማያዊዋ ብርድ ሲገባ። አቶ እምሩ “አንዷ ስትመጣ ሌላዋ ትሰደዳለች” ብለው ጽፈው፣ ጽሑፋቸውም ለብዙ ዓመት ሲጠቀስ ኖሯል። ቀይዋን ዶሮ ማነቂያ ቤታቸው ውስጥ፣ ከቬሎ ትራፊ በተሰፋ ሳጥን፣ ከእንቁላል ጀምረው ያሳድጓት ነበር። ቤታቸው ከወ/ሮ ሀኒፋ ዳቦ ቤት ጋር በግድግዳ ይዋሰን ነበር። ግድግዳው ከምድጃው የተነሣ ክረምትም በጋም ይሞቅ ነበር። ከዚያ ሳጥን የወጣችው ሁሉ ቀይ ነበረች።

በ2016 ዓ.ም. ሰፈሩ ሲነሣ አፍንጮ በር ተከራይተው ገቡ። አዲሱ ቤት ብርዳም ነው። በተከታዩ ዓመት የሥራ ባልደረባቸው አቶ ሙደሲር ከመስክ ያመጡላቸው አንዲት ቀይ እናት እንቁላል ጣለች፤ አባጨጓሬዎቹም አድገው ሽፋናቸው ውስጥ ተጠቅልለው ሙሽሬ ሆኑ። አንድ ጠዋት ሳጥኑ ሲከፈት የወጡት ሰማያዊ ነበሩ። አቶ እምሩ ፊታቸው አመድ መሰለ። ወ/ሮ ሙሉነሽ ሲያጸዱ የሌላ ሳጥን አባጨጓሬ ቀላቅለዋል ብለው ተቆጡ፤ በአርባ ዓመት ትዳር ተሰምቶ የማይታወቅ ቃልም ወጣቸው። ወ/ሮ ሙሉነሽ ሳጥኑን አልነካሁም ብለው ማሉ፤ ማንም አላመናቸውም።

አቶ ሙደሲር ግን አንድ ነገር ጠረጠሩ። በእሳቸው ሐሳብ የሌላ ቀይ እናት እንቁላል ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ አፍንጮ በር ቀረ፤ ግማሹ ወ/ሮ ሀኒፋ በተዛወሩበት ሰፈር ወደ ከፈቱት ዳቦ ቤት ሄዶ ምድጃው አጠገብ ተቀመጠ። ከዳቦ ቤቱ ቀይ ወጣ፤ ከአፍንጮ በር ሰማያዊ። የአንድ እናት ልጆች ናቸው። አንዷ ስትመጣ ሌላዋ የምትሰደድ አልነበረችም፤ ያቺው አንዲቱ ናት፣ በሙቀት ቀይ በብርድ ሰማያዊ ሆና የምታድግ። አቶ እምሩ ዱቄት ጆንያ ላይ ቁጭ ብለው ለረጅም ጊዜ አልተነሡም። ከዚያ እቤት ሄደው የባለቤታቸውን ጉልበት ስመው ይቅርታ ጠየቁ።

ወ/ሮ ሙሉነሽ ነገሩ በዚያ ያለቀ መስሏቸው ነበር። ያላወቁት፣ በዚህ ሙያ አንዲት ፍጥረት ሁለት ስም ሊኖራት እንደማይችል ነው። ቀድሞ የወጣው ይጸናል፤ የኋላው ይወድቃል። የኋላው ደግሞ የእሳቸው ስም ነው። አቶ እምሩ ከአቶ ሙደሲር ጋር ማረሚያውን ጽሑፍ ባለፈው ክረምት ጽፈው ጨርሰዋል። ለሚያሳትመው የሳይንስ መጽሔት ይላክ በተባለ ቁጥር ግን ትንሽ ይቆይ ይሉ ነበር።

የሕይወት ታሪክ ሲጻፍ እዚህ ላይ ስለ ሕመም ይነገራል። አቶ እምሩ አልታመሙም። ትናንት ኅዳር 19 ቀን 2018 ዓ.ም. ጠዋት ፒያሳ አንድ ቡና ቤት፣ ባንኮኒው ጋ ቆመው ከአቶ ሙደሲር ጋር ቡና እየጠጡ ነበር። አቶ ሙደሲር እንደነገሩን፣ “በቃ ሰኞ ላከው፤ እኔ ዛሬ ለሙሉ እነግራታለሁ” አሉና ስኳር ለማንሣት እጃቸውን ዘረጉ። እጃቸው ስኳሩ ጋ አልደረሰም። ሐኪም ቤት ሲደርሱ በሕይወት አልነበሩም። በተወለዱ በ69 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ።

ትናንት ከሰዓት በኋላ፣ ለቅሶው ቤት ሰው ሞልቶ ሳለ፣ አቶ ሙደሲር ወ/ሮ ሙሉነሽን ጠጋ ብለው ሁሉን ነገሯቸው። ጽሑፉን የሚያውቅ ከሁለቱ በቀር እንደሌለ፣ ካልተላከም የቢራቢሮዋ ስም ባለበት እንደሚኖር፣ እሳቸውም ዝም ለማለት ፈቃደኛ እንደሆኑ ገለጹ። ወ/ሮ ሙሉነሽ በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፍነው ቆዩ። ገልጠው ሲያዩ እንባቸው ቆሞ ነበር።

“ሙደሲር ልጄ፣ እምሩ ስሕተቱን ይዞ አፈር ይግባ ነው የምትለኝ?”

“ስምዎ ነው እኮ፣ እትዬ ሙሉ።”

“የእኔን ስም አባቴ አውጥቶልኛል። ላክላቸው። እዚሁ እኔ ፊት ላከው።”

አቶ ሙደሲርም ድንኳኑ ውስጥ በስልካቸው ላኩት። ይህም እዚህ እንዲነበብ ያዘዙት ወ/ሮ ሙሉነሽ ናቸው። ሰው በየሠርጉ ሲያመሰግናቸው የኖረው ነገር እንደሌለ ከሌላ ሳይሆን ከእሳቸው ይስማ ብለዋል። ስለዚህ ከትናንት ጀምሮ ሙሉነሼ የምትባል ቢራቢሮ የለችም። የአቶ እምሩ ሥራ ግን ነቀፋ የለበትም።

አቶ እምሩ ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት፣ ጸሎት የምትባል የአንዲት የልጅ ልጅ አያት ነበሩ። ሥርዓተ ቀብራቸው ዛሬ ኅዳር 20 ቀን 2018 ዓ.ም. ዘመድ ወዳጅ፣ የድሮ ሰፈራቸው ሰውና የሥራ ባልደረቦቻቸው በተገኙበት ይፈጸማል።

ፍጥረቱን ሁሉ ሳይሳሳት በስሙ የሚጠራ አምላክ አገልጋዩን አቶ እምሩንም በስማቸው ጠርቶ ከወዳጆቹ አጠገብ ያሳርፍልን። ለወ/ሮ ሙሉነሽ፣ ለናዝራዊት፣ ለሄኖክና ለሁላችን ይህን ድንጋጤ የምንችልበት ልብ ይስጠን። አሜን።