እናቷን እልል ላስባላችሁ ጓዶች

ይድረስ ለተከበራችሁ የወጣቶች ልቦለድ ረቂቅ መርማሪዎች፣
አዲስ አበባ

ጤናችሁ እንደ ብዕራችሁ የሰላ ይሁን። በዚህ በ1982 ዓ.ም. «ጓድ» ማለቱ ይቀጥል ወይም ይቅር የሚለው መመሪያ ገና አምቦ ስላልደረሰ፣ በጓድም በአቶም አክብሮቴን አቀርባለሁ። ይህንን ደብዳቤ በትምህርት ቤታችን የግድግዳ ጋዜጣ ላይ የለጠፍኩት ውለታችሁን ብቻዬን ተሸክሜ መቀመጥ ስለከበደኝ ነው።

አንደኛ፣ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዬ ወርቅቱ የጊንጪ ልጅ ናት። ወንድሟ ዱጋሳ ለብሔራዊ ውትድርና ሲወሰድ ያየችውን ልቦለድ አድርጋ ጻፈችው፤ እናትየዋ ልጇን ጎተራ ውስጥ ትደብቃለች፣ መልማዮቹ ሲያገኙት ደግሞ የጫኑበትን መኪና ተከትላ ትሮጣለች። እንባዬን ጠርጌ ለእናንተ ላክሁት። እናንተም የጊዜው የወጣቶች ድርሰት አቅጣጫ ሌላ መሆኑን ገልጻችሁ፣ እናትየዋ ልጇን በእልልታ ብትሸኘው መጽሐፉ እንደሚታተም በትሕትና ስለጻፋችሁልኝ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፣ ልጅቷን የማሳመኑን ሥራ ለእኔ ስለተዋችሁልኝ። «ቲቸር፣ እናቴ እኮ እልል አላለችም» አለችኝ። «አውቃለሁ፤ ግን መጽሐፉ ይውጣልሽ» አልኳት። ያን ቀን ከእናንተ ማንም አጠገባችን አልነበረም፤ የተናገርኩት እኔ ነኝ። እሷም አክብራኝ ያንን ምዕራፍ ቀደደችና እንደ አዲስ ጻፈችው።

ለእረፍት ጊንጪ ስትሄድ ለእናቷ ለአዴ ሲንቄ ወደ ኦሮምኛ እየመለሰች አነበበችላቸው። እልልታው ላይ ስትደርስ «ይቺ ሴትዮ ልጅ አልወለደችም እንዴ?» ብለው ጠየቁ፤ መልስም ሳይጠብቁ ተነስተው ወጡ። የዱጋሳ ወሬ እስከ ዛሬ የለም። ወርቅቱም ከዚያ ወዲህ በድርሰት ክፍለ ጊዜ ባዶ ወረቀት ታስረክበኛለች፤ መታረም ያለብኝ እኔ ስለሆንኩ እቀበላታለሁ።

ሦስተኛ፣ ሰሞኑን በደረሰኝ ደብዳቤያችሁ ቅይጥ ኢኮኖሚ ስለታወጀ ወቅቱ መለወጡን፣ የዛሬ ወጣት አንባቢ የሚፈልገው ፍቅርና ከልብ የመነጨ እውነት መሆኑን፣ እልል የምትል እናት ግን ገበያ እንደሌላት አስረድታችሁ፣ ረቂቁ ሰው ሰው እንዲሸት ተደርጎ እንደገና እንዲጻፍ ስላዘዛችሁ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ትእዛዛችሁን ለወርቅቱ ባደርስላት «መጀመሪያ እናቴን ያስፈቅዱ» ብላኝ ወደ ክፍሏ ገባች።

ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣
በክብሩ ባይሆንም በጥፋቱ የእናንተ ሸሪክ፣
ሸዋነሽ ሞሲሳ
የአማርኛ መምህርት፣ አምቦ

ማሳሰቢያ፦ እሁድ ዕለት ጊንጪ ሄጄ ነበር። አዴ ሲንቄ ወተት ቀድተው ሰጡኝና ልጃቸውን ስለማስተምርላቸው መረቁኝ። ለይቅርታ የሄደው አፌ ወተት ጠጥቶ ተመለሰ። እናንተ የሰውን እናት በአንድ መስመር ማስፈንደቅ የምትችሉ ባለሙያዎች ናችሁና፣ እባካችሁ መጥታችሁ አስፈቅዱልኝ፤ ቤቱን አሳያችኋለሁ፣ እኔ ግን ደጅ እቆያለሁ።