የድምፃዊት ኦሌታ ስታምፐር ዕረፍት እና ሳንቀበላቸው የቀረነው መዝሙር

ከስቲል ፎርክ ወረዳ የሙዚቀኞችና የሬዲዮ ሠራተኞች ማህበር፤ ለአባላት፣ ለወረዳው ነዋሪዎች እና ሥራ ፍለጋ ወደ ኦሃዮ ለሄዱ ወገኖቻችን በሙሉ

የማህበራችን የክብር አባል፣ አንጋፋዋ የካንትሪ ሙዚቃ ድምፃዊት ኦሌታ ስታምፐር፣ ባደረባቸው የሳንባ ሕመም በኦሃዮ ዴይተን ከተማ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው እሑድ ኤፕሪል 16 ቀን 2023 በተወለዱ በ81 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተውናል። ማህበራችን የተሰማው ሐዘን ጥልቅ ነው። ከሐዘኑ ጋር አብሮ የሚናገረው ነገርም አለው፤ የሥራ አመራር ቦርዱም ሳይሸፋፈን እንዲጻፍ ወስኗል።

ድምፃዊት ኦሌታ በ1942 በወረዳችን በድራይ ፎርክ ሸለቆ ተወለዱ። አባታቸው ሽማግሌ ሃርላን ስታምፐር በሳምንቱ ቀናት የድንጋይ ከሰል ቆፋሪ፣ እሑድ ደግሞ የድራይ ፎርክ ቤተ ክርስቲያን መዝሙር አውጪ ነበሩ። በቤተ ክርስቲያናችን የሙዚቃ መሣሪያ የለም። አውጪው አንዱን ስንኝ ፈጠን አድርጎ ያወጣል፣ ጉባኤው ያንኑ ስንኝ ጎተት አድርጎ፣ አዝግሞ ይቀበላል። አውጪው እስኪቀበሉት ይጠብቃል። ሽማግሌ ሃርላን በ1961 የማዕድን ጉድጓድ ተደርምሶባቸው ሲያርፉ ድምፃዊቷ አሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ነበር።

ከ1963 ጀምሮ በወረዳችን ሬዲዮ የቅዳሜ ጠዋት ፕሮግራም ላይ በጊታር ዘፍነዋል። በ1969 ይህን ማህበር ከመሠረቱት ሰባት ሰዎች አንዷ ሲሆኑ፣ የመጀመሪያውን ማህተም ያስቀረጹትም እሳቸው ናቸው። በማህተሙ ላይ ያለው የፊደል ስህተት ግን የእሳቸው አይደለም፤ የወቅቱ ጸሐፊ ነው።

በ1977 ናሽቪል ገብተው ብቸኛ የስቱዲዮ አልበማቸውን ቀረጹ። «ከወንዙ ማዶ ያላችሁ» የተሰኘው ይህ ሸክላ በፌብሩዋሪ 1978 ወጣ። ዘጠኙ ዘፈኖች እንደ ማንኛውም የካንትሪ ዘፈን ስለ ፍቅር፣ ስለ ሌሊት ፈረቃና ስለ ቢራ ናቸው። የአልበሙ መጠሪያ የሆነው አሥረኛው ግን የአባታቸው መዝሙር ነው። ያለ መሣሪያ አንድ ስንኝ ያወጣሉ፤ ከዚያ አሥራ አንድ ሰከንድ ዝም ይላሉ፤ ሁለተኛውን ያወጣሉ፤ ደግሞ ዝም ይላሉ። አሥራ ስድስት ጊዜ እንዲህ ነው። የቀረጻው ኃላፊ ክፍተቱን በቫዮሊን እንሙላው ቢላቸው፣ «ቦታው ተይዟል። ሰዎቹ ሩቅ ሆኑ እንጂ አሉ» ብለው እንደመለሱለት በወቅቱ አብረዋቸው የነበሩ ሙዚቀኞች ጽፈዋል።

ስለ አንድ አልበም አቀባበል ሲጻፍ ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ የሽያጭና የደረጃ ሰንጠረዥ ነው። በዚያ መለኪያ ከሆነ ስለ ቢራ የሚለው ዘፈን አሥራ ስምንተኛ ደረጃ ደርሷል። አሥረኛውን ግን አንድ የከተማ ሃያሲ «ያልተጠናቀቀ ሥራ» ብሎታል፤ ሸክላው ተበላሽቷል ብለው የመለሱ ጣቢያዎችም ነበሩ። ዝምታን ጉድለት አድርጎ መስማት የእነሱ ልማድ ነው፤ አንቀየማቸውም። እኛ ግን ዝምታው ምን እንደሆነ ከመጀመሪያው ቀን አውቀናል። በእኛ ወረዳ መቀበል የሚለው ቃል ሌላ ትርጉም አለው።

በዚያው ዓመት ኦገስት በወረዳው ዐውደ ርዕይ ሜዳ ላይ ለገዛ ሰዎቻቸው ሊዘፍኑ መጡ። ዝግጅቱን ያሰናዳው ማህበራችን ነው። ከዚያ በፊት በነበረው እሑድ የቤተ ክርስቲያኑ አገልጋይ ሽማግሌ ዴልበርት ካውዲል በድራይ ፎርክ ጉባኤ ፊት ቆመው፣ «ሴት መዝሙር ስታወጣ አባቶቻችን አላሳዩንም። ደግሞስ በሸክላው አንዱ ፊት ቢራ፣ በሌላው ፊት መዝሙር! ሳህን ገልብጦ መብላት ነው እንዴ? እንዳትቀበሉ!» ብለው ነበር። ድምፃዊቷ ዘጠኙን ዘፈኖች ሲዘፍኑ ሜዳው በጭብጨባ ተናወጠ። አሥረኛውን አወጡና ጠበቁ። ስድስት መቶ ሰው ነበርን፤ የተቀበለ አልነበረም። አላቋረጡም። አሥራ ስድስቱንም ስንኝ አወጡ፣ አሥራ ስድስት ጊዜም ጠበቁ። ሲጨርሱ «እንግዲህ ደህና ሁኑ» ብለው ወረዱ። ከዚያ በኋላ በወረዳችን አልዘፈኑም።

አርባ አምስት ዓመት በዴይተን ኖሩ። በየዓመቱ በሜይ ወር፣ የመቃብር ጽዳት በሚደረግበት እሑድ፣ የአምስት ሰዓት መንገድ ነድተው ይመጡ ነበር። የወላጆቻቸውን መቃብር ያጸዳሉ፣ አበባ ያኖራሉ፣ ሣሩ ላይ ከእኛ ጋር ባቄላና የበቆሎ ዳቦ ይበላሉ፣ የሁሉንም ልጆች ስም እየጠሩ ይጠይቃሉ። መዝሙር ሊጀመር ሲል መኪናቸውን አስነስተው ይሄዳሉ። የት ሄዱ ብሎ የጠየቀ የለም፤ ሁላችንም እናውቀው ነበር።

በ2019 ለማህበሩ ሃምሳኛ ዓመት ቃለ መጠይቅ ስናደርግላቸው ጸሐፊያችን፣ «እማማ ኦሌታ፣ እስካሁን ቅር ብሎዎታል?» ሲል ጠይቋቸው ነበር። በቴፕ የተቀረጸው መልስ ይህ ነው፦ «ኧረ ምን ቅር ይለኛል! እኔማ ትቼዋለሁ። ጆሮዬ ነው እምቢ ያለኝ። አሁንም ይጠብቃል።» ከዚያ ሳቁ። ጸሐፊያችን ምንም አልተናገረም። ይህን መግለጫ የሚጽፈውም እሱ ነው፤ መናገር ነበረበት።

ባለፈው ማክሰኞ ቦርዱ ይህን መግለጫ ሊያዘጋጅ ሲሰበሰብ፣ የቀድሞዋ የሬዲዮ ዜና አንባቢ ወይዘሮ ጀርልዲን ስሎን እጃቸውን አወጡ። «እኔ አንድ ነገር ልናዘዝ። ሸክላው ቤቴ አለ። ሰሃን ሳጥብ እከፍተውና እቀበላታለሁ። አርባ አምስት ዓመት ሙሉ!» አሉ። የከባድ መኪና ሹፌር የነበሩት አቶ ቨርጂል ኔፕየርም፣ «አንቺስ ከቤትሽ ነው፤ እኔ ተራራው ላይ የመኪናዬን መስኮት ዘግቼ ነው የምቀበላት» አሉ። በዚህ ሁኔታ ጠረጴዛው ዙሪያ ያለን ሁሉ ተናገርን። በመጨረሻ አብረውን የተቀመጡት የዘጠና አንድ ዓመቱ ሽማግሌ ካውዲል ብቻ ቀሩ። ባርኔጣቸውን ከጉልበታቸው ላይ አንስተው፣ «እኔም ከላሞቹ ጋር» አሉ።

ስለዚህ እውነቱ ይህ ነው። አልበሙ በስቲል ፎርክ ተቀባይ አላጣም። ሁላችንም ተቀብለነዋል፤ ለየብቻችን፣ በር ዘግተን፣ እሳቸው በማይሰሙበት። አንዳችንም ይህን አልነገርናቸውም። ማህበሩ ስለዚህ ቤተሰባቸውን ይቅርታ ይጠይቃል፤ እሳቸውን ለመጠየቅ ዘግይቷል።

የቀብር ሥነ ሥርዓቱ ቅዳሜ ኤፕሪል 22 ቀን ጠዋት በአራት ሰዓት በድራይ ፎርክ መካነ መቃብር ይፈጸማል። በልጃቸው በወይዘሮ ዳርሊን ፈቃድ ንግግር አይኖርም። የሸክላ ማጫወቻ መቃብሩ አጠገብ ይቀመጣል። ስለዚህ ጉዳይ የተጠየቁት ሽማግሌ ካውዲል የሰጡት ፈቃድ በቃለ ጉባኤው እንዲህ ሰፍሯል፦ «ማሽን ከቤተ ክርስቲያን በር አይገባም። መቃብሩ ግን ደጅ ነው። እሷ ታውጣ፤ እኔ ከተቀባዮቹ ጋር እቆማለሁ።»

ማህበራችን ለልጃቸው ለወይዘሮ ዳርሊን፣ ለልጅ ልጆቻቸው፣ ለሙያ ባልደረቦቻቸውና ለአድናቂዎቻቸው ሁሉ መጽናናትን ይመኛል። የምትመጡ ሁሉ አንድ ነገር አስታውሱ። ከእያንዳንዱ ስንኝ በኋላ ያለው አሥራ አንድ ሰከንድ ለእኛ የተተወ ነው። አትቸኩሉ፣ እንደ ልማዳችን ጎተት አድርጋችሁ ተቀበሉ። እሳቸው እንደሆኑ ይጠብቃሉ።